ኤምፒ3 ማጫወቻ ስለመግዛትና ስለመያዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያው ጥያቄ እየተመላለሰ ስለሚመጣ አንድ ቦታ ሰብሰብ ላድርገው ብዬ ነው። የትኛው ሞዴል ከየትኛው ይሻላል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሞዴሎቹ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ፣ ችግሮቹ ግን ያው ናቸው፣ እና አብዛኛው ችግር ከማጫወቻው ሳይሆን ከፋይሉ፣ ከካርዱና ከኬብሉ ነው የሚመጣው።

ስልክ እያለኝ ሌላ ዕቃ ለምን እሸከማለሁ?

ለብዙ ሰው ስልኩ ይበቃዋል፣ ይሄን አልደብቅም። የምትሰሙት በቀጥታ ከኢንተርኔት ከሆነና ባትሪያችሁም እስከ ማታ የሚያደርሳችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ለብቻው ማጫወቻ የሚያዋጣው የራሱ ፋይል በብዛት ላለው ሰው ነው፣ ከሲዲ የገለበጠው፣ የገዛው፣ ከድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ያስገባው ላለው። ወይ ደግሞ ዘፈኑ መሃል መልእክት እየገባ ሲቆርጥበት ለሚበሽቅ፣ ስፖርት ሲሠራ ያንን ትልቅ ስልክ ይዞ መሮጥ ለሚከብደው፣ ልጁ ዘፈን ይስማ እንጂ ኢንተርኔት ላይ ተጥዶ እንዳይውል ለሚፈልግ ወላጅ። የጃክ ጉዳይም አለ፣ ብዙ ስልኮች 3.5 ሚሊሜትሩን የኢርፎን ቀዳዳ ስላስቀሩት ባለገመድ ኢርፎን የሚወድ ሰው አዳፕተር ይዞ መዞር ሰልችቶታል።

አይፖድ ቀርቶ የለ እንዴ? ማን ነው አሁንም የሚሠራው?

አፕል የመጨረሻውን አይፖድ ተች በ2022 ሲያቆም ብዙ ሰው ነገሩ በሙሉ ያበቃለት መሰለው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ገበያው ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ሶኒ በ1979 ለካሴት ያወጣውን ዎክማን የሚለውን ስም ዲጂታሎቹም ላይ ይጠቀምበታል፣ ከዛ ፊዮ፣ ሃይቢ፣ ሻንሊንግ፣ አስቴል ኤንድ ከርን የሚባሉት አሉ። ታሪክ ለምትወዱ ደግሞ፣ አይፖድ የመጀመሪያው አልነበረም። እሱ በ2001 በ5 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ሲወጣ ኤምፒማንና ሪዮ የሚባሉት በ1998 ቀድመውት ወጥተዋል። ሪዮዋ 32 ሜጋባይት ነበራት፣ ጊጋ አላልኩም፣ ሜጋ፣ በ128 ኪሎቢት (በሰከንድ የሚፈጀው ዳታ ነው፣ ሲበዛ ጥራቱም ፋይሉም ይጨምራል) ግማሽ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ማለት ነው፣ አንድ አልበም እንኳ በቅጡ አይገባባትም።

ታዲያ ምን ዓይነቱን ልግዛ?

በግምት ሦስት መደብ አለ። አንደኛዋ ያቺ ልብስ ላይ የምትሰካዋ ትንሽዬ፣ ዋይፋይ የላት ምን የላት፣ ለስፖርትና ለልጅ ከሷ የሚሻል የለም፣ ብትወድቅም አታስለቅስም። ሌላኛው ጫፍ ላይ አንድሮይድ የተጫነባቸው አሉ፣ ሲም የሌለው ስልክ በሏቸው፣ የስትሪሚንግ አፕ ይጭናሉ፣ ዋጋቸውም ክብደታቸውም ጠንከር ይላል፣ ባትሪ ይበላሉ፣ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ አንድሮይዱ ያረጅና ዕቃው ምንም ሳይሆን አፑ አልሠራም ይላችኋል። መሃል ላይ ያሉት የራሳቸው ቀለል ያለ ሲስተም ያላቸው፣ ካርድ የሚቀበሉ፣ ፋይል ከማጫወት ሌላ ብዙ ነገር የማያውቁ ናቸው። የኔ ድምፅ ለነሱ ነው፣ ቶሎ ይነሳሉ፣ ባትሪያቸው ይቆያል፣ የሚያረጅ አፕም የላቸውም።

ከስፔኩ በፊት ግን በተኑን እዩ። እጃችሁን ኪስ ውስጥ ከታችሁ ሳታዩ ዘፈን ማለፍ፣ ማቆም፣ ድምፅ መቀነስ ትችላላችሁ ወይ? ሁሉም ነገር በስክሪን ብቻ ከሆነ ለእያንዳንዷ ዘፈን ከኪስ ማውጣት ነው፣ እሱን ከሆነ ስልካችሁም ያደርገዋል። ቀጥሎ የካርድ ቦታ አለው ወይ። ቀጥሎ አንዱን ትራክ ከሌላው ሳያቋርጥ ማያያዝ ይችላል ወይ፣ ይሄኛው በተለይ የመድረክ ቅጂ ለምትሰሙ ነው፣ ጭብጨባው መሃል ላይ ድምፁ ለግማሽ ሰከንድ እልም ብሎ ሲመለስ ያናድዳል።

ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዳክ ቺፕ (ዲጂታሉን ፋይል ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይረው) ስም ብዙ አያስጨንቃችሁ። ያው አንድ ቺፕ ሁለት የተለያየ ማጫወቻ ውስጥ ገብቶ ድምፃቸው ሊለያይ ይችላል፣ ምክንያቱም ከቺፑ ቀጥሎ ለኢርፎኑ ጉልበት የሚሰጠው አምፕሊፋየር ነው፣ እሱ ላይ ከቆጠቡ ቺፑ ምን ቢሆን ዋጋ የለውም።

ስንት ጊጋ ይበቃኛል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይፈጃል፣ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 12 ሜጋ ሆነ ማለት ነው፣ ስለዚህ 32 ጊጋ ካርድ ላይ ከ2,500 በላይ ዘፈን ይገባል። ፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ የሚያጥፍ የፋይል ዓይነት፣ ከታች እመለስበታለሁ) ከሆነ ያው ዘፈን 30 ምናምን ሜጋ ይደርሳልና ሺህ አካባቢ አስቡ። ማጫወቻው ካርድ የሚቀበል ከሆነ ውስጡ ያለው ጊጋ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ አታፍስሱ፣ ካርድ በኋላም ይገዛል።

ትልቅ ካርድ ከትቼ አላነብም አለኝ፣ ሳጥኑ ላይ "እስከ 32 ጊጋ" ይላል

ብዙ ጊዜ ችግሩ መጠኑ ሳይሆን ፎርማቱ፣ ማለትም ፋይል ካርዱ ላይ የሚደራጅበት መንገድ ነው። እስከ 32 ጊጋ ያሉት ካርዶች ፋት32 ሆነው ነው የሚመጡት፣ ከዛ በላይ ያሉት ኤክስፋት ሆነው። የቆየ ማጫወቻ ኤክስፋት ማንበብ አይችልም፣ እና 64 ወይ 128 ጊጋውን ኮምፒውተር ላይ በፋት32 እንደገና ፎርማት አድርጋችሁ ስትከቱት አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። የዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ብዙ ጊዜ ለትልቅ ካርድ ፋት32 የሚለውን ምርጫ አያሳያችሁም፣ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ ነፃ ፕሮግራም መጠቀም ነው። ፎርማት ሲደረግ ያለው ፋይል እንደሚጠፋ መቼም አልነግራችሁም።

ሌላው ፎርጅድ ካርድ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ 512 ጊጋ ብሎ ይታያል፣ ውስጡ ያለው ግን ለምሳሌ 32 ነው፣ እስኪሞላ ድረስ ደህና ይሠራል፣ ሲሞላ አዲሱ ፋይል ወይ የትም አይጻፍም ወይ አሮጌው ላይ ይደረባል፣ ስሙ ሁሉ ቁጭ ብሎ ስትከፍቱት ጸጥ። ካርድ እንደገዛችሁ ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ሊነክስና ማክ ላይ ኤፍ3 የሚባሉትን አስነሱበት፣ ካርዱን ሙሉ በሙሉ ጽፈው መልሰው አንብበው እውነተኛ መጠኑን ያወጣሉ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ ይውሰድ።

ፍላክ ወይስ ኤምፒ3?

ሲዲ ላይ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ በ16 ቢት ይለካል፣ ግራና ቀኙ ሲደመር በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት። ፍላክ ይሄን ወደ ግማሽ አካባቢ ያጥፈዋል፣ ሲዘረጋ አንዲት ቢት አትጎድልም። ኤምፒ3 ደግሞ ጆሮ አያገኘውም ብሎ የገመተውን ይጥላል፣ የጣለው አይመለስም። እንዲህ ሲባል ኤምፒ3 የማይረባ ይመስላል ግን በደንብ የተሠራ 320 ኤምፒ3 እና ፍላክን ኪሳችሁ ውስጥ ከትታችሁ መንገድ ላይ እየሄዳችሁ፣ መኪናው እየጮኸ፣ እለያለሁ ብትሉኝ አላምናችሁም። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ዋናውን ቅጂ ኮምፒውተር ላይ በፍላክ አስቀምጡ፣ ማጫወቻው ላይ ቦታ ካለ እሱኑ፣ ከሌለ 320 ኤምፒ3 ወይም 256 ኤኤሲ (እንደ ኤምፒ3 ያለ ሌላ የፋይል ዓይነት) ጫኑ። 24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ የሚባለው ለመስሚያ ከሆነ ካርድ ከመሙላት ሌላ ብዙ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ስቱዲዮ ውስጥ ነው ጥቅሙ።

አንድ የማልወደው ነገር አለ፣ 128 ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ ቀይረው "ኦሪጅናል ጥራት" ብለው የሚያከፋፍሉ። ያ ፋይሉን ማወፈር ብቻ ነው። ማወቅ ከፈለጋችሁ ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ፋይሉን ስትከቱበት የድምፁን ድግግሞሽ በቀለም ያሳያችኋል። ከእውነተኛ ሲዲ የመጣው ብዙውን ጊዜ እስከ 22 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይወጣል፣ ከ128 የተቀየረው 16 ኪሎኸርዝ ጋ ሲደርስ በቢላ እንደተቆረጠ ጥርት ብሎ ይቆማል፣ ከዛ በላይ ጥቁር ነው። በእርግጥ የድሮ ካሴት ቅጂም ከላይ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ግን እሱ ቀስ እያለ ነው የሚደበዝዘው።

የአማርኛ ዘፈኖቼ ስም አይነበብም

መጀመሪያ ምን እያያችሁ እንደሆነ ለዩ፣ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። ሳጥን ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፣ ማጫወቻው የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ነው። የጥያቄ ምልክት ድርድር ወይም የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ወይ ጽሑፉ ሲቀመጥ ተበላሽቷል ወይ ማጫወቻው የተሳሳተውን ታግ (ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የዘፈን፣ የዘፋኝና የአልበም ስም) ነው እያነበበ ያለው። ኤምፒ3 ፋይል ውስጥ ሁለት ዓይነት ታግ ጎን ለጎን ሊኖር ይችላል። የድሮው፣ አይዲ3 ቨርዥን 1 የሚባለው፣ ለርዕስ 30 ባይት ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ የተሠራውም ለላቲን ፊደል ስለሆነ ግዕዝ አይዝም። ኮምፒውተር ላይ ኤምፒ3ታግ በሚባለው ፕሮግራም ፋይሎቹን በሙሉ መርጣችሁ ቨርዥን 1ን አጥፉ፣ አዲሱን በቨርዥን 2.3 በዩቲኤፍ-16 (ግዕዝ የሚይዝ አጻጻፍ ነው) አስቀምጡ፣ ስሙ የተበላሸ ካለ እንደገና ጻፉት። ይሄ ብቻውን ብዙ ሰው ገላግሏል።

ሳጥኑ ከሆነ ፈውሱ ፎንት ነው። ማጫወቻችሁ በሮክቦክስ ዝርዝር ውስጥ ካለ (በፈቃደኞች የሚሠራ ነፃ ሲስተም ነው፣ የድሮ አይፖዶችና የሳንዲስክ ክሊፕ አንዳንዶቹ ላይ ይጫናል) እሱን ጭናችሁ ዩኒፎንት የሚባለውን ፎንት ስትመርጡ ግዕዙ ይነበባል፣ ቁንጅና አትጠብቁ፣ ይነበባል ነው ያልኩት። አንድሮይድ የሆኑት ላይ ብዙ ጊዜ ይሄ ችግር የለም። ሁለቱም የማይሆን ከሆነ በላቲን መጻፍ ነው፣ ያው እንደ ቴክስት።

ግዕዙ ከተነበበላችሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፣ የሞክሼ ፊደል። አንዱን ዘፋኝ አንዱ አልበም ላይ በሀይሉ፣ ሌላው ላይ በኃይሉ ብላችሁ ከጻፋችሁ ለማጫወቻው ሁለት ሰው ናቸው፣ ዝርዝሩ ላይም አይጎራበቱም፣ ሀ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ኃ ከቸ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ጸ እና ፀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ እንደዛው። አንዱን ምረጡና ለሁሉም እሱን ጻፉ፣ የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን።

ዘፈኖቹ ተራቸውን አይጠብቁም፣ አንዱ አልበም ደግሞ አሥር ቦታ ተበታተነ

ተራው ላይ፣ ርካሾቹ ማጫወቻዎች ፋይሉን በስሙ ተራ ሳይሆን ካርዱ ላይ በተጻፈበት ተራ ነው የሚያነቡት። ኮምፒውተሩ ላይ ተስተካክሎ እያያችሁት እነሱ ዘንድ ስምንተኛው መጀመሪያ ይመጣል። የፋይሎቹን ስም በ01፣ 02 እያስጀመራችሁ (1፣ 2 ሳይሆን፣ ያለዚያ 10 ከ2 ይቀድማል) ፎልደሩን አጥፍታችሁ እንደገና ኮፒ አድርጉት፣ ካልተስተካከለ ፋትሶርት የመሰለ ተራ አስያዥ ፕሮግራም አለ።

መበታተኑ የታግ ነገር ነው። አርቲስት የሚለው ቦታ ላይ እገሌ ከእገሌ ጋር፣ እገሌ ከእገሊት ጋር ተብሎ ከተጻፈ ማጫወቻው ሁሉንም እንደ አዲስ ዘፋኝ ያያቸዋል። አልበም አርቲስት የሚባል ሌላ ቦታ አለ፣ እዛ ላይ ለአልበሙ በሙሉ አንድ ስም ሙሉበት፣ ይሰበሰባል።

ማክ የምትጠቀሙ ዘፈኑ ሁለት ሁለት ሆኖ አንዱ አልጫወት ካላችሁ ቫይረስ አይደለም። ማክ በነጥብና በታች ሰረዝ የሚጀምር ድብቅ ፋይል ለእያንዳንዱ ይጨምራል፣ ማጫወቻው እሱንም ዘፈን ይመስለዋል። አጥፏቸው፣ ምንም አይጎድልባችሁም።

የአልበሙ ፎቶ አይመጣም

ፎቶውን 500 በ500 አካባቢ አድርጉና ፕሮግረሲቭ ያልሆነ ጄፔግ አድርጋችሁ ሴቭ አድርጉት። ብዙ ማጫወቻ ፕሮግረሲቩን መክፈት አያውቅም።

ላይብረሪ አፕዴት ሲያደርግ መሃል ላይ ይቆማል

አንድ የተበላሸ ፋይል ነው የሚያንቀው፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል። የካርዱን ግማሽ ፎልደር አውጥታችሁ ሞክሩ፣ ካለፈ ችግሩ ያወጣችሁት ውስጥ ነው፣ ካላለፈ የቀረው ውስጥ፣ እንዲህ እየገመሳችሁ ስትሄዱ ሺህ ዘፈን ውስጥ አሥር ሙከራ አካባቢ ላይ ታገኙታላችሁ። የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ኮፒው ሳያልቅ ወይ ኢጄክት ሳታደርጉ ኬብሉን ስትነቅሉ ነው።

በሲ ኬብል ቻርጅ አያደርግም፣ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም ይሆናል፣ ሳትመልሱት ይሄን ሞክሩ፦ አንዱ ጫፉ የድሮው ሰፊው ዩኤስቢ የሆነ ኬብል። ዩኤስቢ ሲ ላይ ቻርጀሩ ከወዲያ ማዶ ዕቃ መኖሩን የሚያውቀው ዕቃው ውስጥ ባሉ 5.1 ኪሎኦም የሆኑ ትንንሽ ሬዚስተሮች ነው፣ አንዳንድ አምራች እነሱን እንኳ ይቆጥባል፣ ያኔ ሁለቱም ጫፉ ሲ የሆነውን ስትሰኩ ቻርጀሩ ምንም ስለማይታየው ኃይል አይለቅም። ሰፊው ዩኤስቢ ግን ሳይጠይቅ 5 ቮልት ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ቻርጅ እያደረገው ፋይሉን የማያሳያችሁ ከሆነ ደግሞ ኬብሉ የቻርጅ ብቻ ነው፣ የዳታ ሽቦ የለውም፣ ቀይሩት።

ባትሪው እንዲቆይ ምን ላድርግ?

ከሙቀት አርቁት፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው። ሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሆኖ መቀመጥም ባዶ ሆኖ መቀመጥም አይወድም፣ ለወራት የማትነኩት ከሆነ ግማሽ አካባቢ አድርጋችሁ አጥፉት። ረጅም ጊዜ ተቀምጦ አልነሳ ያለውን ቻርጀር ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት፣ ስክሪኑ ወዲያው ባይበራም ተስፋ አትቁረጡ። ጀርባው ካበጠ ግን እዛው ጋ አቁሙ፣ ቻርጅም አታድርጉት፣ ልጫነው ልብሳው አትበሉ፣ ይቀጣጠላል።

የትኛው ኢርፎን ይሻላል? ብሉቱዝስ?

ያላችሁን ገንዘብ ሁለት ላይ መክፈል ካለባችሁ ትልቁን ለኢርፎኑ ስጡት፣ ልዩነት የሚሰማው እዛ ላይ ነው። ለኪስ ማጫወቻ ከ16 እስከ 32 ኦም (የኢርፎኑ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ያለው ደህና ይሄዳል፣ እነዛ 250 እና 300 ኦም የሆኑት የስቱዲዮ ሄድፎኖች ትንሿ ማጫወቻ ላይ ሲሰኩ ድምፁ የታፈነና ደካማ ይሆናል፣ የዕቃው ጥፋት አይደለም፣ ጉልበት አጥሮት ነው።

ብሉቱዝ ላይ ኮዴክ የሚባለውን፣ ድምፁ ታጥፎ የሚላክበትን መንገድ፣ ሁለቱም ወገን ማወቅ አለበት። ማጫወቻው ኤልዳክ የሚባለው ኮዴክ አለው ብላችሁ ብትገዙትና ኢርፎኑ ከሌለው ሁለቱም የሚያውቁት ላይ፣ ብዙ ጊዜ ኤስቢሲ የሚባለው መሠረታዊው ኮዴክ ላይ ይወርዳሉ። ኤልዳክ እስከ 990 ኪሎቢት ይሄዳል፣ እሱም ሰው በበዛበት ቦታ ሲቆራረጥ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በብሉቱዝ ብቻ ለምትሰሙ ፍላክ ይሁን አይሁን ብሎ መጨቃጨቅ ትርፍ ነው።

ምን ያህል ቢጮህ ነው ጆሮ የሚጎዳው?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፣ በ90 ዴሲቤል ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። አሥር ዴሲቤል ብቻ ተጨምሮ ሰዓቱ ወደ አንድ አሥረኛ መውረዱን እዩት። ዴሲቤል መለኪያ ለሌለው ሰው፣ አጠገባችሁ ያለ ሰው በተለመደ ድምፅ ሲያወራችሁ ጨርሶ የማይሰማችሁ ከሆነ በዝቷል። ጫጫታ ያለበት ቦታ ድምፅ ከመጨመር ጆሮ ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ጎማ ያለው ኢርፎን መያዝ ይሻላል፣ የውጪውን ስለሚያግድ ዝቅ አድርጋችሁም ትሰማላችሁ።

ከስትሪሚንግ አፕ ዳውንሎድ ያደረግኩትን ልጭንበት?

አይሆንም። እዛ ዳውንሎድ የምታደርጉት የተቆለፈ ነው፣ ከአፑ ውጪ አይከፈትም። አንድሮይድ የሆነው ላይ አፑን ራሱን ጭናችሁ ያለ ኢንተርኔት መስማት ትችላላችሁ፣ ግን ለምሳሌ ስፖቲፋይ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ካላገኘ የወረደውን ያጠፋዋል።

ሬዲዮው ይንጫጫል

ኢርፎን ሰክታችኋል? ገመዱ ነው አንቴናው። በብሉቱዝ እየሰማችሁ ከሆነም ባለገመዱን እንዲሁ ሰክታችሁ ሞክሩ።

ያገለገለ አይፖድ ክላሲክ ልግዛ?

ደስ የሚል ዕቃ ነው፣ ግን ሁለት ነገር እያወቃችሁ ግቡ። አንደኛ ዘፈን ጎትቶ መጣል የለም፣ በአይቲዩንስ ወይም በማክ በኩል ነው የሚጫነው፣ በፎልደር ብትገለብጡበት ቦታውን ይይዛል እንጂ ዝርዝሩ ላይ አይታይም፣ ሮክቦክስ ካልጫናችሁበት በቀር። ሁለተኛ ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፣ ጆሯችሁ ላይ አስጠግታችሁ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ዲስኩ ሊሞት ነው ማለት ነው፣ ብዙ ሰው አውጥቶ በሚሞሪ ካርድ ይቀይረዋል፣ ባትሪም ይተርፋል።

ሲያሳዩአችሁ የራሳችሁን ኢርፎን ይዛችሁ ሂዱ። ሰክታችሁ ሶኬቱን ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት፣ አንዱ ጆሮ የሚጠፋ ከሆነ ጃኩ አልቋል። ላዩ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ወዲያና ወዲህ አድርጉ፣ ክቧን ዙሩባት፣ ድምፁ በየደረጃው ይጨምር ይቀንስ እንደሆነ እዩ፣ ከተቻለ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አንድ ዘፈን ጫኑበት። ባትሪውን ግን አትፈትኑት፣ እንደምትቀይሩት አስባችሁ የሱን ዋጋ ሻጩ በጠየቃችሁ ላይ ደምራችሁ ተደራደሩ።